ግራጫዋ ቫን

ከጎር ወጣ ብሎ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
የማደያ ሒሳብ ስቀበል፣ በረዶ
መስኮቴን ሲቧጥጥ ይመሻል። ደቡብ ኒውዚላንድ
ከሰው በግ ይበዛል፤ ቀጥ ያለ ነው መንገድ።
ቀጥ ያለ መንገድ ግን እግር ያባልጋል፤
ሳያስቡት መርፌው መቶ ሃያን ይወጋል።

ማክሰኞ ማለዳ አንዲት ቫን ተሰውራ፣
ከጥዱ አጥር ጥግ ጀርባዋን አዙራ፣
ቆመች። ጽሑፍ የላት፣ አርማ የላት፣ መብራት፤
ቧንቧ ጠጋኝ ወርዶ ለምሳ ትቶ የሄዳት
ትመስላለች ላያት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቄ ችሎት ሆነ፤
የገባው በሙሉ ፈረደ፣ ኰነነ።

የወተት ቦቴ ነጂው ዳንከን፣ አንገቱ ቀልቶ፣
ካርዱን ከማሽኑ ላይ ሁለት ጊዜ ስቶ፣
«ማድባት» አለ፣ «ማድባት የዳክዬ አዳኝ ነው!
ሕግ ከሆነ ፊቱን ምነው የሸሸገው?
ፖሊስ በመኪናው ስሙን ይለጥፋል፤
ስሙን የደበቀ ኪሴን ይዘርፋል።»

ጡረተኛዋ አይሊን፣ የጥንት ሒሳብ አስተማሪ፣
በትንሽ ቀይ መኪና በስድሳ አሽከርካሪ፣
«ብትደበቅስ?» አለች፣ መነጽሯን ጠራርጋ፣
«ቀኑን ለነገሩት ፈተና ምን ዋጋ?
ምልክት ቢኖራት፣ እሷ ዘንድ ስትደርሱ
ጨዋ ትሆኑና፣ ስታልፏት ልትብሱ!»

ዳንከን «አንቺማ» ብሎ ተሳለቀ፣
«መኪናሽን ትናንት በግ ቀድሟት ዘለቀ።»

በግ ሸላቹ ጎረምሳ፣ ኬይን የሚሉት፣
ስልኩን አሳየን፤ ቫኗ የታየችበት
ሁሉ ቀይ ነጥብ ነው። «እሷ ትደበቃለች፣
እኛም እንጠቋቆማለን፤ መብራት ብልጭ ስትል አበቃች።
ጨዋታ ነው» አለ፣ ከረሜላ እያኘከ።

ሆሄፓ ዝም አለ። የወደቀ አንሺ ነው፤
ባለ ቢጫ ክሬን ከባድ የሚነዳው።
ጓንቱን ባንኮኒ ላይ፣ ዓይኑን ውጭ ጥሎ፣
ሁሉም እስኪጨርስ ቆየ ዝም ብሎ።

«ሥራችን አንድ ነው የእኔና የእሷማ፤
ሁለታችንም አንሺ ነን በዚህ ከተማ።
እሷ በሩጫችሁ ቀድማ ስታነሳችሁ፣
ፖስታ ነው የሚመጣ፣ ንዴት ነው ዕዳችሁ።
እሷ ያላነሳችውን ነው እኔ ያነሳሁት፤
አምና በሰኔ ውርጭ ከቦዩ ያወጣሁት
ነጭ መኪና ውስጥ ሬዲዮው ይዘፍን ነበር።»
ጓንቱን ይዞ ወጣ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር።

«እሱስ እውነት» አለ ዳንከን፣ አፍታ ቆይቶ፣
«ግን ቅጣቱ የት ይገባል? ይኸው አፉን ከፍቶ
ጉድጓዱ ድልድዩ ላይ ሁለት ዓመት ሆነው!»
ይህም እውነት ነው፤ ጎማዬን የበላው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ደብቄያቸዋለሁ። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ
ቀጭን ሴት ትመጣለች፣ በዓይኗ ላይ እንቅልፍ፣
የአይብ ፓይ ትገዛለች። ስሟ ማርጎ ነው።
መኪናዋን የምታቆም ከኋላ ካለው
ከቆሻሻው ገንዳ ጎን ነው፤ ግራጫ ናት።
«አይሰለችሽም ወይ?» ብዬ አንድ ቀን አልኳት።
«ሰው ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ
አያለሁ» አለችኝ፣ «አንዱ ሲያለቅስ፣ አንዱ ሲያዛጋ፣
አንዱ ከማንም ጋር ሲጣላ። እኔን የሚያይ የለም።»
ሰዓቷንም አይታ፣ «ቶሎ አሙቂው በይ፣ ልሂድ፣ አልቆይም።»

ባለፈው ዓርብ ፖስታ ደረሰኝ ከቤቴ።
ታርጋዋ የታወቀ፣ ያቺው አሮጊቴ፤
በሃምሳው ጎዳና ሃምሳ ዘጠኝ ነድቼ፣
ይህንኑ ሱቅ ልከፍት፣ ከእንቅልፍ ዘግይቼ።

ለዳንከን አልነገርኩም፤ ለአይሊንም ይቅርና።
ማክሰኞ ማርጎ መጣች፣ ጸጉሯ በዝናብ ርሶ፣ እንደገና
ያንኑ ፓይ አዘዘች። ምድጃው ውስጥ ተውኩላት
ከወትሮው አስረዝሜ፣ እስኪንፈቀፈቅ አይቡ፣
ከዚያም በናፕኪን ጠቅልዬ ሰጠኋት፣
ሳንቲሟንም መለስኩ።
                    «ትኩስ ነው» አልኳት፣
«ቀስ በይ።»